«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»፦ የሕገ መንግሥትና የአስተዳደር ሕግ መምህርነት በአዲስ አበባ

መግቢያ

ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ የሕግ ትምህርት ታሪክ ሲነገር፣ ብዙውን ጊዜ የሚወሱት የወንጀለኛ መቅጫው፣ የፍትሐ ብሔሩና የንግዱ ሕግ መጻሕፍት ናቸው። ፍትሐ ብሔሩን የሚያስተምር ሰው ዛሬም በ1952 ዓ.ም. የታወጀውን መጽሐፍ ይዞ ወደ ክፍል መግባት ይችላል። የሕገ መንግሥትና የአስተዳደር ሕግ መምህር ዕድል ግን ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ የሚያስተምረው ጎረቤት ከጎረቤቱ፣ ነጋዴ ከደንበኛው ጋር የሚከራከርበትን ሕግ ሳይሆን፣ መንግሥትና ሕዝብ የሚተያዩበትን ሕግ ነው፤ ስለዚህም መንግሥት በተለወጠ ቁጥር መማሪያ መጽሐፉ አብሮ ይሻራል። በ1956 ዓ.ም. በሕግ ፋኩልቲ ተማሪ ሆኖ ገብቶ፣ ኋላም መምህር ሆኖ እስከ ጡረታ የቆየ ሰው ቢኖር፣ በአንድ የሥራ ዘመን ውስጥ የ1948ቱን፣ የ1979ኙን፣ የ1983ቱን የሽግግር ቻርተርና የ1987ቱን መሠረታዊ ሕጎች ተራ በተራ ማስተማር ግድ ይሆንበት ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው የዚህ ሙያ ታሪክ ነው። ጥያቄውም፦ የሚማረው ሕግ በየጊዜው የሚሻርበት ተማሪ ከመምህሩ ምን ይዞ ይቀራል? የሚል ነው። ዘመናቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ሲሆኑ፣ በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉት «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ተደርጎባቸዋል።

፩. ከአራዳ አደባባይ

በአዲስ አበባ የሕግ ነገር መማሪያ ክፍል ከማግኘቱ በፊት አደባባይ ነበረው። አራዳ በመጀመሪያው ዘመኑ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበ ታላቅ ገበያ ነበር። ገበያ ባለበት ዕዳ፣ ዋስና ሙግት አይታጣምና፣ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ሲሄዱ፣ ነገር ዐዋቂውም በተጠየቅ ሲከራከር ማየት የዘወትር ነገር ነበር። የገበያውን ቀረጥና የነጋዴውን ነገር የሚመለከተው ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር፤ በእርሱ እጅ ግብር መሰብሰብ፣ ሥርዓት ማስከበርና መፍረድ ተቀላቅለው ይገኙ ነበር።

ለአስተዳደር ሕግ ታሪክ ይህ መቀላቀል ትልቅ ነገር ነው። ቀረጥ ያስከፈለው ሹም ራሱ ዳኛ ሲሆን፣ የተበደለ ነጋዴ የሚቀረው መንገድ ወደ በላይ «አቤት» ማለት ብቻ ነው። «አቤቱታ» የሚለው ቃልም የተገኘው ከዚሁ ጩኸት ነው። አቤቱታ የጌታን ምሕረት የሚጠይቅ ነው፤ ክስ ግን መብትን የሚጠይቅ ነው። የሕገ መንግሥትና የአስተዳደር ሕግ መምህር ሥራ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢጠቀለል፣ በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ማስረዳት ነው ለማለት ይቻላል። ሕዝቡ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያለ ሲተርት፣ በሌላው አፉ ደግሞ «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይላል። ሁለቱ አባባሎች ጎን ለጎን መኖራቸው፣ ሥልጣን ወሰን ይኑረው አይኑረው የሚለው ክርክር ከውጭ አገር መጽሐፍ ብቻ የመጣ አለመሆኑን ያስረዳል።

ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ፣ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርዱን፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦሩን፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስም የንግዱን ሥራ ያዙ። በዚያው ዓመት የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሥራን በየክፍሉ መለየትና የተማረ ሠራተኛ ማዘጋጀት በአንድ ዓመት መጀመራቸው የአጋጣሚ ነገር አይመስልም። የመንግሥት አስተዳደር በዕውቀት እንዲመራ አጥብቀው ከጻፉት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታትሟል።

፪. የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትና የመጀመሪያው ትምህርት

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘውድ ጫኑ። ዘጠኝ ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ተፈረመ። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ፤ በሩሲያ የተማሩ ሲሆኑ፣ ለረቂቁ ሥራ እ.ኤ.አ. የ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት እንደ አርአያ አገልግሏል። በፊርማው በዓል ላይ መኳንንቱና መሳፍንቱ በተሰበሰቡበት፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የሕገ መንግሥቱን ምዕራፎች ትርጉም በቃል አብራርተዋል። በአዲስ አበባ በይፋ የተሰጠው የመጀመሪያው የሕገ መንግሥት ትምህርት ይኸው ማብራሪያ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ተማሪዎቹም የአገሪቱ ታላላቅ ሹማምንት ነበሩ።

ያ ሕገ መንግሥት 55 አንቀጾች ነበሩት። የንጉሠ ነገሥቱ ሰውነት ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም የማይነቀፍ መሆኑን ደነገገ። ሁለት ምክር ቤቶች አቋቋመ፤ የሕዝብ መምሪያ ምክር ቤት አባላትንም፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ፣ መኳንንቱና የአገር ሽማግሎች እንዲመርጡ አዘዘ። ለትምህርት ሰዎች ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ይህ «እስኪችል ድረስ» የሚለው ሐሳብ ነው። የሕዝቡ የፖለቲካ መብት ከትምህርቱ ጋር ተያይዞ፣ ትምህርት ቤቱ ለመምረጥ መብት እንደ ደጅ ተቆጠረ። ደጁን የሚከፍተው መቼ፣ በማን እንደሆነ ግን አልተጻፈም።

ሕገ መንግሥቱ ስለ አስተዳደር የሚነሡ ክርክሮች በልዩ ፍርድ ቤቶች እንዲታዩም አስቦ ነበር። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ ደረሰ። በአምስቱ ዓመት የጠላት ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ተዛወረ፤ የቀድሞው አራዳም «ፒያሳ» የሚለውን ስም ወረሰ።

፫. የሕግ ምንጮች መብዛት

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ። ቀድሞ ነጋሪት እየተጎሰመ በአደባባይ የሚነገረው አዋጅ፣ አሁን በአማርኛና በእንግሊዝኛ በሁለት ዓምድ ታትሞ፣ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት የሚጠቀስ ሆነ። በ1935 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 1 የሚኒስትሮችን ሥልጣን ወሰነ፤ በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 የማዘጋጃ ቤቶችን ሥራ ደነገገ። በዘመኑ ለአስተዳደር ታሪክ የሚያስፈልገው ሰነድም እንዳይጠፋ፣ ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» የተባለውን ታላቅ ስብስብ በ1942 ዓ.ም. አሳተሙ። ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ማዕረግ፣ ስለ ግብርና ስለ ቤተ መንግሥት ሥርዓት የሚናገረው ይህ መጽሐፍ፣ የአስተዳደር ሕግ የሚያስተምር ሰው ከአገር ውስጥ ሊያገኘው የሚችለው ታላቅ ምንጭ ነበር።

ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ በንግሡ 25ኛ ዓመት በዓል፣ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። በዝግጅቱ ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስና አቶ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ ከአሜሪካውያኑ አማካሪዎች ጆን ስፔንሰርና ጋሬትሰን ጋር ተካፍለዋል። ይህ ሕግ ለመምህር አስቸጋሪም ጠቃሚም ነበር፤ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት የማይስማሙ ሐሳቦችን ይዟልና። አንቀጽ 4 የንጉሠ ነገሥቱን የማይነቀፍ ሥልጣን አጸና፤ አንቀጽ 27ም የሚኒስቴሮችንና የመሥሪያ ቤቶችን አቋምና ሥልጣን የመወሰኑን ነገር ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጠ። በሌላ ወገን አንቀጽ 43 ማንም ሰው ሕግ ከሚፈቅደው ሥርዓት ውጪ ሕይወቱን፣ ነጻነቱን ወይም ሀብቱን እንዳያጣ ከለከለ፤ አንቀጽ 62 በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥፋት ከፍ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው መንግሥትን በፍርድ ቤት እንዲከስ ፈቀደ፤ አንቀጽ 122 ደግሞ ሕገ መንግሥቱ የበላይ ሕግ መሆኑንና ከእርሱ ጋር የማይስማማ ሕግም ሆነ ውሳኔ ዋጋ እንደማይኖረው ተናገረ። ዋጋ የለውም ብሎ የሚወስነው ማን እንደሆነ ግን በግልጽ አላስቀመጠም።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንኑ ድርብነት አጠናከረው። አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላደረሰው ጥፋት መንግሥት የሚጠየቅበትን መንገድ ከፈተ፤ አንቀጽ 2137 ግን በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የኃላፊነት ክስ እንዳይቀርብ ከለከለ። በሌላ አነጋገር፣ የቆየው ተረት ግማሹ ሕግ ሆኖ ጸና፤ ግማሹ ተሻረ። ንጉሥ አይከሰስም፤ መንግሥት ግን ይከሰሳል። በንጉሡና በመንግሥቱ መካከል ልዩነት መኖሩን ማስረዳት፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ ላደገ ተማሪ ቀላል ትምህርት አልነበረም።

፬. የሕግ ፋኩልቲ መቋቋም

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተደርጎ፣ ታግተው የነበሩ ሚኒስትሮችና መኳንንት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተገደሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ያንኑ ግቢ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. በዚያ ተመረቀ። የሕግ ፋኩልቲው በ1956 ዓ.ም. ተቋቋመ። ስለዚህ የሥልጣን ወሰን ትምህርት የተሰጠው፣ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የሥልጣን ጥያቄ በጥይት በተጠየቀበት ግቢ ውስጥ ነበር። ከስድስት ኪሎ ወደ ደቡብ የወረደ ተማሪ አራት ኪሎ ላይ ምክር ቤቱን ያገኛል፤ በአፍንጮ በር በኩል ወደ ፒያሳ የወረደ ደግሞ ሱቁን፣ ጠበቃውንና ማዘጋጃ ቤቱን ያገኛል። ሕግ አውጪው፣ አስፈጻሚውና ባለጉዳዩ ሁሉም በእግር የሚደረስባቸው ነበሩ።

የመጀመሪያው ዲን ፕሮፌሰር ጄምስ ፖል ነበሩ። እኚህ አሜሪካዊ የሕገ መንግሥት ሕግ ሊቅ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ፣ ከዚያም በፊት በአገራቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከፕሬዚዳንቱ ከፍሬድ ቪንሰን ጋር በሕግ ረዳትነት የሠሩ ነበሩ። አዲስ አበባ ሲደርሱ የገጠማቸው ችግር የታወቀ ነው፤ መማሪያ መጽሐፍ አልነበረም። የእንግሊዝን ወይም የአሜሪካን መጽሐፍ ማስተማር ቀላል ነበር፤ ነገር ግን የሌላ አገር ሕገ መንግሥት የተማረ ሰው የአገሩን ነጋሪት ጋዜጣ ማንበብ ላይችል ይችላል። ስለሆነም በአገር ውስጥ ያለውን ሰነድ መሰብሰብ የመምህራኑ ዋና ሥራ ሆነ። ፕሮፌሰር ፖል ከእንግሊዛዊው የፖለቲካ ሊቅ ከክሪስቶፈር ክላፋም ጋር ሆነው የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥታዊ ዕድገት የሚያሳይ የሰነዶች መድበል አዘጋጁ፤ የመጀመሪያው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1967 ታተመ፤ ሁለተኛውም ተከተለ። ክላፋም ራሳቸው ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት አሠራር የጻፉትን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተሙ።

ሁለተኛው የመሰብሰብ ሥራ መጽሔቱ ነበር። የኢትዮጵያ የሕግ መጽሔት በ1956 ዓ.ም. በአማርኛና በእንግሊዝኛ መታተም ሲጀምር፣ ከጥናታዊ ጽሑፎች ጋር የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን አወጣ። ከዚያ በፊት ፍርድ በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ የሚቀር ወረቀት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ተማሪ ሊያነበው፣ ሊተቸውና ከሌላ ፍርድ ጋር ሊያስተያየው የሚችል ትምህርት ሆነ።

ሦስተኛው ሥራ ወደ ኋላ የተመለከተ ነው። ከግእዝ ወደ እንግሊዝኛ በአባ ጳውሎስ ጻድዋ የተተረጎመው ፍትሐ ነገሥት፣ በፋኩልቲው እ.ኤ.አ. በ1968 ታተመ። የአርትዖቱን ሥራ የሠሩት በፋኩልቲው ያስተምሩ የነበሩት ፒተር ስትራውስ ናቸው። አባ ጳውሎስ ኋላ የአዲስ አበባ ካቶሊካውያን ሊቀ ጳጳስና ካርዲናል ሆኑ፤ ስትራውስም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ስማቸው ከታወቀ የአስተዳደር ሕግ መምህራን አንዱ ለመሆን በቁ። ንጉሥ ራሱ ለሕግ ተገዥ መሆን እንደሚገባው የሚናገረው የአሮጌው መጽሐፍ ትምህርት፣ በዘመናዊው ክፍል ከአዲሱ ሕገ መንግሥት ጎን ሊነበብ ቻለ።

የፕሮፌሰር ፖል የሕይወት ሥራ ለዚህ ሙያ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ከኢትዮጵያ ከሄዱ በኋላ በራትገርስ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን ሆኑ፤ ቆይቶም ሕግ ለድሀው ሕዝብ ልማት እንዴት መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል የሚያጠና ማዕከል በማቋቋም ሠሩ። ስለ ኢትዮጵያና ስለ ኤርትራ አዳዲስ ሕገ መንግሥታትም እ.ኤ.አ. በ2000 ጽፈዋል። በአዲስ አበባ የጀመሩት ጥያቄ ከሠላሳ ዓመት በኋላም አልተወቸውም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አርፈዋል።

፭. የአስተዳደር ሕግ በመማሪያ ክፍል

የአስተዳደር ሕግ ትምህርት ለጀማሪ ደረቅ ይመስላል። ነገሩን ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በፒያሳ አንድ ሱቅ ያለው ነጋዴ የንግድ ፈቃዱ ተሰረዘ እንበል። መምህሩ ለተማሪው የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ሹሙ ፈቃዱን የሰረዘው በየትኛው አዋጅ ወይም ደንብ በተሰጠው ሥልጣን ነው? ሁለተኛ፣ ከመሰረዙ በፊት ነጋዴው ምክንያቱ ተነግሮት መልስ እንዲሰጥ ዕድል አግኝቷልን? ሦስተኛ፣ ነጋዴው ቅር ቢለው ወዴት ይሄዳል? የመጀመሪያው ጥያቄ የሥልጣን ነው፤ ሁለተኛው የሥነ ሥርዓት፣ ሦስተኛው የመፍትሔ ነው።

በ1950ዎቹ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ማግኘት ይቻል ነበር፤ ነጋሪት ጋዜጣ አለና። በ1954 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 23 የማዕከላዊ ሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤትን በማቋቋም የመንግሥት ሠራተኛ አቀጣጠር በደንብ እንዲመራ አድርጎ ነበር። ስለ ግብር ይግባኝና ስለ አሠሪና ሠራተኛ ክርክር የሚወስኑ አካላትም ተቋቁመው ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ግን ለሁሉም መሥሪያ ቤት በአንድነት የሚሠራ መልስ አልነበራቸውም። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ አልወጣምና፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የየራሱን መንገድ ይከተል ነበር። ባለጉዳዩም በተለመደው መንገድ አቤቱታውን ወደ በላይ፣ በመጨረሻም ወደ ዙፋን ችሎት ያቀርብ ነበር። ዙፋን ችሎት የተበደለውን ይረዳ እንደነበር አይካድም፤ ነገር ግን እዚያ የተገኘው ፍትሕ የንጉሡ ቸርነት እንጂ የባለጉዳዩ መብት ተደርጎ አይቆጠርም ነበር። «በሕግ የሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው አባባል የሚያሳየው፣ ባለጉዳዩን ይበልጥ የሚያንገበግበው የሀብቱ መጠን ሳይሆን የተወሰደበት መንገድ መሆኑን ነው። የአስተዳደር ሕግ መነሻውም መድረሻውም ይኸው ነው።

ትምህርቱ በክፍል ብቻ አልቀረም። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያዝዝ ሥርዓት አቁሞ ነበር። ብዙዎቹ በየአውራጃው አስተማሪዎች ሆኑ፤ ሲመለሱም በመጽሐፍ ያነበቡት አንቀጽ በአውራጃ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ምን እንደሚመስል አይተው ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ምክር ቤቱ ከተጓዙ በኋላ፣ ስለ ሕገ መንግሥት የሚሰጥ ትምህርት ሁሉ ከመንገዱ ጥያቄ ተለይቶ ሊሰጥ የሚችል አልሆነም። መምህሩ ሕጉን እንዳለ ቢያስተምር ለመንግሥት የሚያድር፣ ቢተች ደግሞ ለመንግሥት የሚያሠጋ መስሎ የሚታይበት ዘመን ነበር።

፮. የቋንቋው ነገር

የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 125 የመንግሥቱ ቋንቋ አማርኛ መሆኑን ደንግጓል። ክርክር የሚሰማው፣ ፍርድ የሚጻፈው፣ ደብዳቤ የሚላከው በአማርኛ ነበር። የሕግ ፋኩልቲው የዲግሪ ትምህርት ግን በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። የሕግ መጻሕፍቱ ራሳቸው ከፊሎቹ በፈረንሳይኛ ተረቅቀው የተተረጎሙ ነበሩ። ስለዚህ ተማሪው አንድን ሐሳብ በእንግሊዝኛ ተምሮ፣ ከፈረንሳይኛ በተተረጎመ አንቀጽ አመሳክሮ፣ በመጨረሻ በአማርኛ መከራከር ነበረበት።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የተቸገረው የአስተዳደር ሕግ ነው። ስለ ዋስ፣ ስለ ውል፣ ስለ ውርስና ስለ ርስት አማርኛ ከጥንት የዳበረ ቃል አለው፤ አራዳ ላይ የተሟገተ ሁሉ ያውቀዋል። ሹም በሕግ ክልል ውስጥ እንደ መሰለው የሚወስንበትን ሥልጣን፣ ከሥልጣን ክልል ማለፍን፣ ውሳኔን በፍርድ ቤት ማስመርመርን የሚገልጹ የጸኑ ቃላት ግን ገና መፈጠር ነበረባቸው። ቃሉ ያልጸናለት መብት በባለጉዳዩ አፍ አይገባም። ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ይህ ታላቅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አንድ ዕውቀት በዩኒቨርሲቲ ሊስፋፋ ይችላል፤ ነገር ግን ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ እስካልተጻፈ ድረስ ከግቢው አጥር አይወጣም።

፯. መማሪያው የተሻረበት ዘመን

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደው ሕገ መንግሥቱ ታገደ፤ ምክር ቤቱም ተዘጋ። ከዚያ በፊት በ1966 ዓ.ም. ሠላሳ አባላት ያሉት ጉባኤ አዲስ ሕገ መንግሥት አርቅቆ ነበር፤ ዘውዱን በሕግ የሚገድበው ይህ ረቂቅ ሳይጸድቅ ቀረ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ፣ መምህራንና ተማሪዎች ወደ ገጠር ተሰማሩ፤ የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ትምህርት ተቋረጠ። ዩኒቨርሲቲውም ስሙ ተለውጦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

ከዚያ በኋላ አገሪቱ ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ሕገ መንግሥት ተዳደረች። የሕገ መንግሥት መምህር በእጁ የቀረው የጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግን ሥልጣን የሚወስኑ አዋጆች ነበሩ። የአስተዳደር ሕጉ ግን በተቃራኒው ሰፋ፤ መንግሥት በሰው ኑሮ ውስጥ የማይገባበት ስፍራ አልነበረምና። ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ነው። በአራዳና በፒያሳ በርካታ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ፤ ኪራያቸው አነስተኛ የሆነው በቀበሌ ይተዳደር ጀመር፤ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎዎችም ተቋቋሙ። ቤት የሚያስተዳድረው አካልና ስለ ቤት የሚዳኘው አካል በአንድ ቀበሌ ጥላ ሥር ሲገናኙ፣ ስለ ሥልጣን መለያየት የሚናገረው የመማሪያ ክፍል ትምህርት በየመንደሩ የሚፈተን ሆነ፤ የድሮው የነጋድራስ አሠራር በአዲስ ስም የተመለሰ የሚመስልበት ጊዜም ነበር።

በ1978 ዓ.ም. 343 አባላት ያሉት አርቃቂ ኮሚሽን ተቋቋመ። ረቂቁ በብዙ ቅጂ ታትሞ በየቀበሌው ውይይት ተደረገበት፤ ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ፣ በይፋ በተገለጸው ውጤት 81 ከመቶ ድጋፍ አገኘ። በጥራዝ መልክ ረቂቅ ሕገ መንግሥት በእያንዳንዱ ሰፈር ሲነበብ ያ የመጀመሪያው ነበር። ነገር ግን ውይይቱ የአንድ ፓርቲ መንግሥት መሪነትን የሚጠይቅ አልነበረም። ሕዝቡ አንቀጽ ማንበብን ለመደ፤ አንቀጹን ይዞ ሹምን መጠየቅን ግን አልተማረም።

፰. ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

በሐምሌ 1983 ዓ.ም. የሽግግር ዘመን ቻርተር ጸደቀ። በአቶ ክፍሌ ወዳጆ የተመራው ኮሚሽን ያዘጋጀው ረቂቅ፣ በሕገ መንግሥት ጉባኤ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ፣ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። 106 አንቀጾች ያሉት ይህ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 የበላይ ሕግ መሆኑን ደነገገ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሳይመልስ የተወውን «ማን ይወስናል?» የሚል ጥያቄም መለሰ፤ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጠ፤ አጣሪ ጉባኤም አቋቋመለት። ፍርድ ቤት ሳይሆን የፖለቲካ ምክር ቤት እንዲተረጉም መደረጉ ዛሬም በየሕግ ትምህርት ቤቱ የሚያከራክር ነው። በ1948ቱ ሕግ አንቀጽ 62 ስለ መንግሥት መከሰስ የሚናገር ሲሆን፣ በ1987ቱ ሕግ አንቀጽ 62 የሚናገረው ስለ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሥልጣን ነው። ሁለቱን ዘመን ያስተማረ መምህር ቁጥሩን ብቻ ሲጠራ ተማሪዎቹ የቱን ዘመን እንደሚል መጠየቅ ይኖርባቸው ነበር።

የሙያው ክብደት በይፋ የታየው በ2012 ዓ.ም. ነው። በወረርሽኙ ምክንያት ምርጫ ሊራዘም ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በግንቦት ወር ባለሙያዎችን ጠርቶ አስተያየታቸውን በቴሌቪዥን በተላለፈ ስብሰባ አዳመጠ። የሕገ መንግሥት መምህራን በመማሪያ ክፍል የሚያነሡትን ክርክር በሕዝብ ፊት አነሡ። የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ሰኔ 3 ቀን ውሳኔውን ሰጠ። በውሳኔው የተስማሙም ያልተስማሙም ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ስለ አንቀጽ ትርጉም የተደረገ ክርክር በየቤቱ ተሰማ።

በዚያው ዓመት የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ወጣ። መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ሲያወጡ አስቀድመው እንዲያሳውቁ፣ መመሪያቸውንም እንዲያስመዘግቡ፣ ውሳኔ ሲሰጡ ባለጉዳዩን እንዲሰሙና ምክንያታቸውን እንዲገልጹ፣ ቅር ያለውም ሰው ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲሄድ መንገድ አበጀ። የሕግ ፋኩልቲው በተቋቋመ በ56ኛው ዓመት፣ የፒያሳው ነጋዴ ሁለተኛና ሦስተኛ ጥያቄዎች በአንድ አዋጅ መልስ አገኙ ማለት ነው። ለአስተዳደር ሕግ መምህር ይህ የትዕግሥት ፍሬ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለትምህርት ሥራ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ የሚጸናው የሕጉ ጽሑፍ ሳይሆን የመጠየቁ ልማድ ነው። የ1948ቱን አንቀጾች በቃሉ ያጠና ተማሪ በ1967 ዓ.ም. ባዶ እጁን ቀረ፤ «ሥልጣኑ ከየት መጣ? ተሰምቻለሁን? ወዴት እሄዳለሁ?» ብሎ መጠየቅን የተማረ ግን በአራቱም መሠረታዊ ሕጎች ሥር የሚሠራበት ዕውቀት ነበረው። በየትምህርት ቤቱ የሥነ ዜጋ ትምህርት የሚያስተምሩ መምህራን ከአንቀጽ ማስጠናት ይልቅ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ቢጀምሩ ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ መምህር ሰብሳቢ መሆን ይገባዋል። የሰነዶቹ መድበል፣ የሕግ መጽሔቱ፣ የፍትሐ ነገሥቱ ትርጉምና «ዝክረ ነገር» ዛሬም የሚያገለግሉት፣ አዘጋጆቻቸው ሰነድ ከመጥፋቱ በፊት ስለደረሱለት ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ቤት ሲፈርስ በውስጡ የነበረ የኪራይ ውል፣ የንግድ ፈቃድና የክስ መዝገብ አብሮ ይበተናል፤ የሰፈሩ የአስተዳደር ታሪክ የተጻፈው በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ነው። የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ከሽማግሎች ቃልና ከቤተሰብ ሰነድ ታሪክ እንዲሰበስቡ ቢያሰማሩ፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የቋንቋው ሥራ አልተፈጸመም። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጁ የሚጠቅመው ባለጉዳዩ በሚናገረው ቋንቋ ሲያውቀው ነው። የዕቅድ አውጪዎች የመጽሐፍ ዝግጅት ሲያስቡ፣ ለዩኒቨርሲቲ ከሚዘጋጀው ጎን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪና ለቀበሌ ሠራተኛ የሚሆን፣ በአማርኛና በሌሎችም የአገሪቱ ቋንቋዎች የተጻፈ ቀላል መምሪያ ቢያዘጋጁ፣ አዋጁ ከጋዜጣው ወጥቶ ወደ መስኮቱ፣ ባለጉዳዩ ወደቆመበት ወረፋ ይደርሳል።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ለመኳንንት ሲያብራሩ፣ ሕዝቡ «እስኪችል ድረስ» ተብሎ ነበር። የሕገ መንግሥትና የአስተዳደር ሕግ መምህራን ከዚያ ወዲህ የሠሩት ሥራ ሁሉ ያንን ቀጠሮ ለማሳጠር የተደረገ ድካም ነው። አራዳ ላይ «በሕግ አምላክ» ብሎ የቆመው ሰው ሕጉ የት እንደተጻፈ ሲያውቅና ገልጦ ሲያሳይ፣ ያ ቀጠሮ ደረሰ ይባላል።